ሁለት ጊዜ የተመረቀው ስብሰባ

በመካነ ሰላም ዙሪያ ሠርግም ይሁን እርቅ አቶ የኋላሸት ሳይመርቁ አይጀመርም። ገበሬ ናቸው፤ ገብስና ባቄላ ያመርታሉ። ሲመርቁ እስላሙም ክርስቲያኑም እጁን ዘርግቶ «አሜን» ይላል። አሜን ካሉ በኋላ «ግን» ማለት ነውር ነው።

ይህን ልማድ የኩባንያው ሰዎች ያውቁ ነበር። ኩባንያው ገበሬው ከከብትና ከመጥረቢያ ጠብቆ ያበቀለውን የተራራ ደን «ካርቦን» እያለ፣ የጭሳቸው ማካካሻ አድርጎ፣ ለውጭ አገር ፋብሪካዎች ይሸጣል። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ የአየር ንብረት ሕግ ይረቀቅ ነበር። አንዱ አንቀጽ እንዲህ ያለ ኩባንያ ለማን በስንት እንደሸጠ ለገበሬው ይግለጽ፣ ሕጉን ለማስለወጥ ከየትኛው ባለሥልጣን ጋር እንደተነጋገረም ያሳውቅ ይላል። ኩባንያው አንቀጹ እንዲሰረዝለት ይፈልጋል።

ለአቶ የኋላሸት ይህን የነገራቸው የኩባንያው ተጠሪ ምንይችል ነው። የክርስትና ልጃቸው ነው። ወደ ስብሰባው በመኪና ሲወስዳቸው መንገድ ላይ አወራቸው።

«አባባ፣ የአንቀጹን ነገር ሰው ፊት አያንሡት። ገበሬው ይደናገራል። እርስዎ ይመርቁ ብቻ።»

«ስብሰባው ስለሱ አይደለም እንዴ?»

«ስለ ችግኝ ነው።»

አቶ የኋላሸት ወደ መስኮቱ ዞሩ። ያስቀመጣቸው ጋቢና ነበር፤ ሰው በመስኮት እያየ እጅ ይነሣል።

አዳራሹ ውስጥ መረቁ። «ሥራችሁን ያቅናላችሁ፤ የያዛችሁትን ይባርክላችሁ፤ የሚቃወማችሁን ያርቅላችሁ።» ሕዝቡ አሜን አለ። ካሜራ የያዘው ወጣት ግን እጁን አወዛወዘ።

«ድምፁ አልገባም። አባት፣ ይድገሙልን። እናንተም አሜን ስትሉ ጠንከር!»

ሰው ሳቀ። ጨርቅ ነጋዴው ረመዳን ከኋላ ጮኸ፦ «የመጀመሪያውን አላህም አልሰማው ይሆን?»

አቶ የኋላሸትም ሳቁ። ጋቢያቸውን አስተካክለው ወደ ካሜራው ዞሩና ደገሙት፤ ከመጀመሪያው አሳምረው። ስለ አንቀጹ የጠየቀ አልነበረም። ከገበሬው ወገን መኖሩን የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ክረምቱ ሲገባ ረመዳን ሱቁ በር ላይ አስቁሞ ስልኩን አሳያቸው። የኩባንያው ኃላፊ ለሕግ አርቃቂዎች ንግግር ያደርጋል። ከጀርባው፣ ትልቅ ስክሪን ላይ፣ አቶ የኋላሸት ይመርቃሉ።

«የአካባቢው ገበሬ መክሮበታል» አለ ኃላፊው። «የመግለጽ ግዴታው አያስፈልግም ብሎ ተስማምቷል።»

«እኔ እንዲህ ብያለሁ?» አለ ረመዳን። «አሜን ነው ያልኩት!»

አቶ የኋላሸት ዓይናቸውን ከስልኩ አነሡ።

«አምሮብዎታል ወላሂ። ሁለተኛውን ነው ያሳዩት።» ረመዳን ሳቀ፤ ብቻውን።

ከዚያ ወዲህ ለምርቃት ሲጠሯቸው ጉሮሮዬን አሞኛል ይላሉ። ሚስታቸው ይታይሽ ዝንጅብል ታፈላላቸዋለች። ጤነኛ ጉሮሯቸውን እያቃጠለ ይጠጡታል።

ጥቅምት ላይ የሕጉን ምክክር የሚመረምር ቡድን ከአዲስ አበባ መጣ። ሰብሌ የምትባለው መሪያቸው ሰዉን በዚያው አዳራሽ ሰበሰበች። ማወቅ የፈለገችው አንድ ነገር ነው፤ ያን ቀን ስለ አንቀጹ ለገበሬው ተነግሮት ነበር ወይ? አልተነገረም የሚል ምስክር ካልተገኘ ሕጉ አንቀጹ ተሰርዞ ይጸድቃል።

«አባት፣ በምርቃት ይክፈቱልን» አለቻቸው።

ተነሡ። እጅ ሁሉ ተዘረጋ።

«እጃችሁን አውርዱ» አሉ።

ማንም አላወረደም።

«አውርዱ አልኩ! ባለፈው ያስባልኳችሁን አሜን ተስማሙ ብለው ወሰዱት። የደኑ ሽያጭ ለገበሬው ይነገር የሚል አንቀጽ ነበር። እናንተ አልሰማችሁም። እኔ አውቅ ነበር።»

ሰብሌ ብዕሯን አነሣች። «ለእርስዎ ማን ነገረዎት?»

ምንይችልን አቅፈው ክርስትና ያነሡት እሳቸው ናቸው። ሥራ የያዘ ዕለትም የመረቁት እሳቸው ናቸው። «ከኩባንያው አንድ ሰው» ብሎ ማለፍ አፋቸው ላይ መጥቶ ነበር።

«ያለ ስም ከሆነ ኩባንያው አላልንም ይላል» አለች።

«ምንይችል» አሉ። «የክርስትና ልጄ።»

«ኧረ በስመ አብ!» አለ አንዱ። ረመዳን አንገቱን ደፋ።

ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የምንይችል እናት እመት ፈንታዬ ደጃቸው ላይ ገብስ ያሰጣሉ።

«አበልጅ! ግቡ እንጂ፣ ምን ያስሮጥዎታል? ምንይችል ደውሎ ነበር። ለገና መጥቶ ቆርቆሮውን ሊያስለውጥልኝ ነው። የክርስትና አባቴን ሳሚልኝ ብሏል።»

ማለፍ ይችሉ ነበር። ወሬው እንደሆነ ሳይመሽ ይደርሳል።

ገቡ። እመት ፈንታዬ መደቡን አራገፉላቸው፤ እሳቸው ግን አልተቀመጡም።

«እርስዎ ይቀመጡ፣ አበልጅ» አሉ። «ከሰው ከሚሰሙት እኔ ልንገርዎ።»