እድራችንን ልደት ያስመሰለው ፊደል

ዛሬ የእድር ስብሰባ ላይ አንዲት ሕፃን በስጦታ ወረቀት የተጠቀለለ አሻንጉሊት ታቅፋ መጣችና በእንግሊዝኛ "ልደቱ የማን ነው?" አለችኝ።

ጥፋቱ የእኔ ነው።

ሊቀመንበራችን ጋሼ በቀለ የስብሰባውን ማስታወቂያ እንድሠራ ቴክስት አደረጉልኝ። ግሮቭፖርት ከምሠራበት ዌርሃውስ ሺፍቴን ጨርሼ እንደመጣሁ፣ ለልጄ ልደት የሠራሁትን ፖስተር ከፍቼ ጽሑፉን ብቻ ቀየርኩ። የፊደሉን ዓይነት መቀየር ረሳሁ።

ፊደሉን ብታዩት! ፊኛ የመሰለ፣ ሆዱ የተነፋ። "ሰ" እግሮቹን አንፈራጦ እስክስታ ሊወርድ የተዘጋጀ ይመስላል። "ያልመጣ ይቀጣል" የሚለው እንኳ በዚህ ፊደል ሲጻፍ ኬክ ያምረኛል።

ጋሼ ሞርስ ሮድ ባለው የሐበሻ ግሮሰሪ በር ላይ ተለጥፎ ሲያዩት ኮል አደረጉኝ። "አንቺ ልጅ፣ እድር ነው ሰርከስ?"

ሌላ ጊዜ አስራ አምስት ሰው የማይመጣበት አዳራሽ ግን ዛሬ ወንበር ጠፋ። ገሚሱ ፊደሉን ከሩቅ አይቶ፣ ልደት መስሎት ከነልጆቹ ለባብሶ መጥቷል። እትዬ አልማዝማ ድፎ ዳቦ ጋግረው ነው የመጡት።

ጋሼ እንደተኮሳተሩ ስብሰባውን ጨረሱ። ስንወጣ ጠጋ ብለው፣ "ስሚ፣ የእኔንም የለቅሶ ማስታወቂያ በዚሁ ፊደል አድርጊልኝ። ሰው ይብዛልኝ" አሉኝ።

እናንተስ፣ ያለቦታው ገብቶ ጉድ የሠራችሁ ፊደል አለ? እስቲ ጻፉልኝ።

እኔ እንደሆንኩ ጋሼን "ክፉ አይንካዎት" ብዬ፣ ፋይሉን ሴቭ አድርጌዋለሁ።