ለአባዬ የተለየ ሳህን

ጋሽ ስፖንጅ ሚስማር የሚይዙት በአፋቸው ነው። ሶፋ አዳሽ ናቸው፤ በአንድ እጃቸው ጨርቁን ወጥረው በሌላው መዶሻ ስለሚጨብጡ፣ ጥቃቅኑ ሚስማር ከንፈራቸው መሀል ተደርድሮ ተራውን ይጠብቃል። ሠላሳ ስድስት ዓመት እንዲህ የሠራ ሰው ወሬ አይበዛበትም። ደንበኛ ገብቶ «እንዴት ዋሉ?» ሲላቸው የሚመልሱት በቅንድባቸው ነው። ሰፈሩ «ኩሩ ናቸው» ይላቸዋል። ምን ኩራት አለ፣ ሚስማር ነው እንጂ!

የሰው ሶፋ ሲፈቱ ሆዱ ውስጥ የማያገኙት ነገር የለም። ማበጠሪያ፣ የሕፃን ካልሲ፣ ማንኪያ፣ የቁልፍ መያዣ። ሁሉንም በፌስታል ቋጥረው ለባለቤቱ ይመልሳሉ። አንዳንዱ ሶፋ ደግሞ እርጥበት ገብቶት ሻግቶ ይመጣል፤ እሱን ሲፈቱ እስኪመሽ ያስነጥሳቸዋል፣ ክንዳቸውን ያሳክካቸዋል። የሰው ቤት እንዴት እንደሚኖር የሚያውቁት በዚህ ነው። የሳቸው ቤት ግን ከሱቁ ጀርባ ያለችው አንዲት ክፍል ናት። ባለቤታቸው ካረፉ አራት ዓመት ሆነ፤ እሳቸው እስከ ዛሬ የሚተኙት ግድግዳውን ተጠግተው፣ የአልጋውን ግማሽ ለቀው ነው። ሱቁ ሙሉ ወንበር ተቆልሎ ሳለ ራት የሚበሉት ቆመው፣ ከድስቱ ላይ ነው። «ለአንድ ሰው ደግሞ ሳህን ማቆሸሽ ምን ይሉታል?» ይላሉ። ለማን እንደሚሉት እንጃ፤ አጠገባቸው የሚሰማ የለም።

ሰው የሚሆኑት እሑድ ነው። እሑድ ኮታቸውን ለብሰው፣ ሁለት አውቶቡስ ቀይረው፣ ያቺን አንዲት ልጃቸውን ለማየት ይሄዳሉ። የምግብ ጠረጴዛዋን የከበቡትን ስድስት ወንበሮች ጨርቅ ያለበሱት እሳቸው ናቸው፤ የሠርጓ ስጦታ ነበር። በመስኮቱ በኩል ያለችው ወንበር የሳቸው ናት። እዚያች ወንበር ላይ አፋቸው ሚስማር የለበትም፤ ያወራሉ፣ ይቀልዳሉ፣ ሳህናቸው ሲጎድል «ጨምሪልኝ» ይላሉ። ስድስቱን ቀን የሚኖሩት ለሰባተኛው ነበር ብል አልዋሸሁም።

ነገር የተበላሸው አማቻቸውን ሪህ ሲይዘው ነው። አማቻቸው መኪና መንዳት አስተማሪ ነው። ሐኪሙ «ሥጋ የሚባል እንዳታይ» አለው፤ ሚስትየዋም ለብቻው አላስጎመጀውም ብላ ሥጋን ከቤቷ አስወጣች። ጋሽ ስፖንጅ ይህን አልሰሙም። እሑድ ደርሰው ወንበራቸው ላይ ሲቀመጡ የቀረበላቸው ባቄላና ካሮት ነው። ለቀልድ ብለው ጀመሩት።

«አንቺ ልጅ፣ ሣር ልታበይኝ ነው ሁለት አውቶቡስ ያሳፈርሽኝ?»

አማቻቸው ሳቀ። እሷም ፈገግ አለች። እዚያ ላይ ቢያቆሙ ምን ነበረበት! ቀጠሉ እንጂ፦ «እናትሽ ብትኖር እንዲህ አታዋርደኝም ነበር።»

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። የጋሽ ስፖንጅ ራስ ከተመለጠ ቆይቷል፤ አፋቸው ያመለጣቸው ያን ቀን ነው። ልጅቷ ተነሥታ ወጥ ቤት ገባች፤ አልተመለሰችም። እሳቸውም ኮታቸውን አንሥተው ወጡ።

ሦስት ወር። እሷ «እሱ ይደውል» አለች፣ እሳቸው «እሷ ትደውል» አሉ፤ በመሀል ስልኩ ዝም አለ። እሑድ እሑድ ጠዋት ኮታቸውን ይለብሳሉ፣ ፌርማታው ድረስ ይሄዳሉ፣ የሚሳፈረውን ሰው ያያሉ፣ ይመለሳሉ። ኮታቸውን ሳያወልቁ ከድስቱ ላይ ቆመው ይበላሉ።

አንድ ሐሙስ ስልኩ ጮኸ። «አባዬ፣ እሑድ ና። ላንተ የሚሆን ነገር አግኝቼልሃለሁ።»

ያገኘችው በፓኬት የታሸገ፣ ሥጋ ያልሆነ ሥጋ ነበር። መልኩ የሥጋ፣ አቆራረጡ የሥጋ። እሱን ፍለጋ አራት ሱቅ ዞራለች። በሽንኩርት ጠብሳ በተለየ ሳህን አቀረበችላቸው። እሷና ባሏ ከአንድ ጎድጓዳ ሳህን ባቄላቸውን ይጨልፋሉ።

«ጋሼ፣ እስቲ ያቅምሱኝ» አለ አማቻቸው።

«እጅህን ሰብስብ!» አለችው። «የአባዬ ነው፤ እንዳትነካበት።» አገጯን በእጇ ደግፋ አባቷን ታያለች። «እህ? ሥጋ ሥጋ አይልም?»

እውነቱን ለመናገር ስፖንጅ ስፖንጅ ይል ነበር። ጋሽ ስፖንጅ ግን ሦስት ወር ፌርማታ ላይ የቆሙ ሰው ናቸው። «እጅሽ ይባረክ የኔ እመቤት!» አሉ። «ሥጋ ራሱ እንዲህ አይጣፍጥም።» ልጅቷ ሳቀች። ሳቋ ቁርጥ የእናቷ ነው።

ሁለተኛው አውቶቡስ ላይ ሆዳቸው ተገለበጠ። ሳይደርሱ ወረዱና አንድ አጥር ተደግፈው ያን ሁሉ ምሳ መለሱት። በአውቶቡሱ አመካኙ። በሳምንቱ ያው ሆነ፤ በእርጅና አመካኙ። በሦስተኛው ቁርስ ሳይቀምሱ ሄዱ፤ ባሰባቸው። በአራተኛው ሆዳቸው ያወቀውን ጭንቅላታቸውም አመነ። ጥፋተኛው ያ የተለየ ሳህን ነው።

እንግዲህ እኔና እናንተ ብንሆን «ልጄ፣ ይሄ ነገር አልተስማማኝም» ብለን በተገላገልን። እሳቸው ያን ቃል መቶ ጊዜ አገላብጠው አዩት። የመጀመሪያውን ምግብ ሣር አሉት። ሁለተኛውን መርዝ ሊሉት ነው? አራት ሱቅ ዞራ ያመጣችውን? ሦስተኛ የምትፈልግላቸው መስሎ አልታያቸውም። ዝም አይነቅዝም አሉና ዋጡት።

ዘዴ ግን አበጁ። ሁለት ማንኪያ ቀምሰው፣ «ይሄ እንዲህ በአንዴ የሚያልቅ ነገር አይደለም፤ የቀረውን ለራቴ ቋጥሪልኝ» አሉ። ይህን ስትሰማ የልጅቷ ደስታ! በሳምንቱ እጥፍ አድርጋ ሠራች፤ አንድ ሳህን ለምሳ፣ አንድ ምሳ ዕቃ ለቤት። ክዳኑ ላይ ወረቀት ለጥፋ በእጇ «የአባዬ» ብላ ጽፋበታለች። ሁለቱ ማንኪያ ብቻውን ሥራውን ይሠራ ነበር፤ አጥሩም ለመዳቸው። ምሳ ዕቃውን ደግሞ እንዳይደፉት ያ ጽሕፈት እጃቸውን ያዘው። ፍሪጃቸው ውስጥ፣ በረዶው ጋ ከተቱት። በላዩ ሁለተኛው ተደረበ። ከዚያ ሦስተኛው። ዘጠኝ ሲሞላ ፍሪጁ አልዘጋ ብሎ በገመድ አሰሩት።

«አባዬ፣ ምሳ ዕቃዎቼን መልስልኝ እንጂ፤ አለቁብኝ እኮ» ትላለች።

«ረሳሁት» ይላሉ።

በአሥራ አራተኛው እሑድ አቅም አነሳቸው። ቀበቷቸው ሁለት ቀዳዳ ወደ ውስጥ ገብቷል። ደውለው «የሆቴል ወንበር አስቸኳይ ይዣለሁ፤ አልመጣም» አሉ። ያን ቀን ፌርማታም አልሄዱም፤ አልጋው ላይ በዚያችው ግማሻቸው ተጠቅልለው ዋሉ።

ማክሰኞ በምሳ ሰዓት ልጅቷ ሱቁ በር ላይ ቆመች። ትኩስ ምሳ ዕቃ ይዛለች። «ሥራ በዝቶብኛል አላልክም? ይኸው መጣሁልህ። ባዶዎቹንም ልውሰድ» ብላ ጉንጫቸውን ሳመችና ቀጥ ብላ ወደ ጀርባ ክፍል አለፈች።

የጋሽ ስፖንጅ አፍ ሰባት ሚስማር ይዞ ነበር። «ተይው!» ሊሉ ፈለጉ፤ ሚስማር የሞላው አፍ ምን ይላል? አንድ በአንድ መዳፋቸው ላይ ተፍተው እስኪጨርሱ የፍሪጁ ገመድ ተፈትቷል።

ሲገቡ ጀርባዋን ሰጥታቸው ቆማለች። «ዘጠኝ» አለች። «አንዱንም አልነካኸውም።»

«የኔ እመቤት፣ ስሚኝ...»

«ካልወደድከው ቋጥሪልኝ ለምን ትለኛለህ? ባሌ ፊት እጅሽ ይባረክ ትለኛለህ፣ እዚህ መጥተህ በገመድ ታስረዋለህ? እኔ እኮ ደስ ያለህ መስሎኝ...» ገመዱን ጣለችው። «በቃ አባዬ። ከእንግዲህ አላስቸግርህም።»

ሦስት ወር ሙሉ የፈሩት ይቺን ቃል ነበር። ጋሽ ስፖንጅ አንድ ነገር ብቻ ታያቸው። ትኩሱን ምሳ ዕቃ ከእጇ ወሰዱ፣ ማንኪያ አነሡ፣ እዚያው ቆመው ይበሉ ጀመር። «ይኸው!» አሉ አፋቸው ሞልቶ። «ማን ነው አልወድም ያለሽ? እንዳያልቅብኝ ፈርቼ እኮ ነው። ቆጥቤው ነው።» የመጨረሻዋን ፍርፋሪ ጠራርገው በሉ።

ልጅቷ እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ሳቀች። «ኧረ አባዬ! ምግብ እንዲህ ይቆጠባል?»

ከዚያ በኋላ ያለውን አንድ ሰዓት ዕድሜያቸውን ሙሉ አይረሱትም። ልጅቷ አልሄደችም። መጥረጊያ አንሥታ ክፍሏን ጠረገች። የደንበኛ ሶፋ ላይ ቁጭ ብላ «ሞላው ወጋኝ!» ብላ ጮኸች። ባሏ ስለሚያስተምራት፣ መኪና ከፊቷ ሲመጣ መሪውን ለቃ ዓይኗን ስለምትጨፍን ሴትዮ አወራች። እናቷ ካረፉ ወዲህ በዚያ ክፍል የሰው ሳቅ ተሰምቶ አያውቅም። እሳቸው ጨርቅ እየወጠሩ ይስቁላታል። ሰዓቱን ግን ያውቁታል፤ ሆዳቸው ማጉረምረም ጀምሯል። አምላኬ፣ እሷ እስክትሄድ ብቻ ያዝልኝ አሉ በልባቸው። ደግሞ ወዲያው፣ ኧረ አትሂድብኝ አሉ።

መዶሻው ከእጃቸው ወደቀ። ፊታቸው አመድ መሰለ፣ ላብ አጠመቃቸው፤ የማስቲሹ ባልዲ ላይ ተደፍተው አንጀታቸው እስኪወጣ አስመለሳቸው። ልጅቷ ጮኻ ጎረቤት ጠራች፤ ደግፈው ክሊኒክ አደረሷቸው።

ነርሷ ግሉኮስ ሰክታ ትጠይቃቸው ጀመር። ምን በሉ? ልጅቷ የፓኬቱን ስም ነገረቻት። ሥራዎ ምንድን ነው?

«የሻገተ ሶፋ ሲፈቱ ያስነጥስዎታል?»

«እንዴታ! ያሳክከኛልም።»

«ይሄ የበሉት ነገር ከሻጋታ ወገን ነው የሚሠራው። ለስንቱ ሰው ምንም አይለውም፤ የርስዎ ሰውነት ግን ጠልቶታል። ሁለተኛ እንዳይቀምሱት። እንዲህ ሲያደርግዎ የመጀመሪያዎ ነው?»

ጋሽ ስፖንጅ ጣሪያውን አዩ። ልጃቸውን አዩ። አፋቸው ውስጥ ሚስማር አልነበረም። «ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነው» አሉ።

ነርሷ እንደወጣች ልጅቷ ፈነዳች። «ሦስት ወር! ሰው እያመመው ሦስት ወር ዝም ይላል? ብትሞትብኝስ? አንዲት ቃል ብትናገር ምን ነበረበት?»

«አንድ ቀን ተናግሬ አልነበር?» አሉ ቀስ ብለው። «ሦስት ወር ብቻዬን በላሁ።»

ልጅቷ አፍንጫዋን ጠረገችና ተስተካክላ ተቀመጠች። «እሺ። ለእሑድ ሥጋ እገዛልሃለሁ። ለሱ አላሳየውም፤ ላንተ ለብቻህ በትንሿ ድስት...»

«ተይ» አሉ። መርፌ በሌለበት እጃቸው እጇን ያዙት። «ለብቻዬ አትሥሪልኝ። እናንተ የምትበሉትን ስጪኝ።»

«ባቄላውን? ያንን ሣር ነው ያልከውን?»

«ሣሩን» አሉ ጋሽ ስፖንጅ። «ከናንተው ድስት።»