ጉንጬ የሞላ ጊዜ

ባለፈው ቅዳሜ በርበሬ ልገዛ ላሊበላ ገበያ ወጥቼ ባዶ እጄን ተመለስኩ። ጃንጥላ ሻጩ ዘንድ አንዲት እናት ባለዘርፍ የስለት ጃንጥላ እየዘረጋች በዋጋ ትከራከራለች። አጠገቧ የቆመችው ልጇ አሥራ ስምንት ቢሆናት ነው፤ እጆቿ ቀጫጭን፣ ፊቷ ግን እንደ ድፎ ዳቦ ክብ። ያንን ፊት አውቀዋለሁ፤ አንድ ጊዜ የእኔም ነበር። ልናገር፣ አልናገር ስል ሄዱ። ሻጩ «ለቅዳሜ ቀዩን አምጣልን ብለዋል» አለኝ። ድሮም መቀመጥ አይሆንልኝም፤ የዚህ ሳምንቱ ግን ባሰ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ገነተ ማርያም ከእናቴ ጋር ስኖር ነጠላ እየጠለፍኩ ላሊበላ ላሉ ነጋዴዎች አስረክብ ነበር። መጀመሪያ የታመመው ጣቴ ነው። ጠዋት ጠዋት እያበጠ መርፌ አልይዝ ይለኛል፤ ረፋድ ላይ ይለቀኛል። ቀጥሎ በገብስ አጨዳ ሰሞን ፀሐይ ላይ ውዬ ስገባ ከአፍንጫዬ ግራና ቀኝ ጉንጬ ቀላ። እናቴ «ምች ነው» አለችና ዳማከሴ አሽታ ጨመቀችልኝ። ምች ያላለ ሰው አልነበረም፤ እኔም ብያለሁ። ቅላቱ ግን ፀሐይ ባየሁ ቁጥር ይመለሳል። ፀጉሬ በማበጠሪያ ይነቀል ጀመር፤ በመጨረሻ እግሬ አበጠ። ያን ጊዜ እናቴ ሁለት ነገር አደረገች። ለማርያም ጃንጥላ ተሳለች፤ ሁለት በግ ሸጣም ደሴ ወሰደችኝ። የጋሸና ብርድ በመኪናው መስኮት እየገባ አጥንቴን ሲቆረጥመው ትዝ ይለኛል።

ሐኪሙ ወጣት ነበር። «ውሻ አላችሁ?» ብሎ ሲጠይቀን እብድ መሰለኝ።

«አለን» አለች እናቴ።

«ጅቡን ትቶ የገዛ በጋችሁን ቢነክስስ? ሰውነታችን በሽታ የሚያባርርበት ኃይል አለው። የእሷ ኃይል ጅቡንና በጉን መለየት አቅቶት ቆዳዋን፣ መገጣጠሚያዋን፣ አሁን ደግሞ ኩላሊቷን እየነከሰ ነው። ሉፐስ ይባላል።»

«ከማን ተጋባባት?»

«አይጋባም፣ እናቴ። የሚያመጣው ነገር አንድ ብቻ አይደለም። በዘር የሚመጣ ዝንባሌ ይኖራል፤ ፀሐይ ወይም ሌላ ሕመም ይቀሰቅሰዋል። ሴቶች ላይ ይበዛል።»

«ታዲያ ውሻውን መግደል ነዋ!» አልኩ እኔ ችኩሏ።

ሳቀ። «ከገደልሽውማ ጅቡ ይገባል። ገመዱን ነው የምናሳጥረው። ይህ ክኒን ገመዱ ነው፤ ነቅሎ አያጠፋውም፣ ያስታግሰዋል። ቁርስ በልተሽ ዋጪው። በድንገት እንዳታቋርጪ፤ ጊዜው ሲደርስ ቀስ በቀስ የምንቀንሰው እኛ ነን።»

ሁለታችንም ራሳችንን ነቀነቅን። ክኒኑ ፊትሽን ሊያሳብጠው ይችላል ማለቱም ትዝ ያለኝ ኋላ ነው።

ክኒኑ እንቅልፍ ነሳኝ፤ ረኃቡ ደግሞ አይጣል ነው፣ ከመሶብ አልለይ አልኩ። ግን ጣቴ ተፈታ፣ እግሬ ጎደለ፣ በሁለት ወር ጉንጬ ሞላ። በእኛ አገር ፊቱ የሞላ ሰው የዳነ ሰው ነው። ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ሴቶቹ አገጬን እየያዙ «እሰይ! ይችማ ድናለች!» ይላሉ። እናቴ አለቀሰች። ሐምሌ ሃያ አንድ ቀን ካፊያ እየወረደብን ጃንጥላዋን በእልልታ አስገባች።

በማግስቱ ክኒኔን ሳወጣ እጄን ያዘችኝ። «ማርያም ከማረችሽ ወዲያ ምን ያደርግልሻል? ትታዘበናለች እኮ።»

እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ስለት ካስገቡ በኋላ መድኃኒት መዋጥ ማርያምን ማሳጣት መሰለኝ። ደግሞም ፍልሰታ እየገባ ነበር፤ ማን ቁርስ ይበላል? ክኒኑን ተውኩት።

በፍልሰታ በስድስተኛው ቀን ከመደቤ መነሳት አቃተኝ። ያስመልሰኛል፣ ዓይኔ ይጨልማል፣ እግሬ ተመልሶ አብጧል። የንስሐ አባታችን መስቀላቸውን ይዘው መጡ።

«አባ፣ ስለቱን አስገብተናል። ክኒን ብውጥ ማርያም አትቀየመኝም?»

ተቆጡ። «ልጄ፣ ጃንጥላው ምስጋና ነው። መድኃኒት አቁሙ ያላችሁ ማነው? ከጾሙ እኔ ፈትቼሻለሁ፤ ብይና ዋጪ!» ከዚያ ወደ ውጭ ዞረው «ቃሬዛ አምጡ!» ብለው ጮኹ። ጭቃውን እየረገጡ መኪና መንገድ ድረስ የተሸከሙኝ ጎረቤቶቻችን ናቸው፤ ደሴ ስደርስ ራሴን አላውቅም።

ተረፍኩ። ኩላሊቴ ላይ ግን ጠባሳው ቀረ፤ እስከ ዛሬ ለምርመራ እመላለሳለሁ። እናቴ እስክትሞት ድረስ በየሐምሌው ሃያ አንድ ቀን «ቸኮልኩብሽ» ትለኝ ነበር። አንቺ ብቻ አይደለሽም ብዬ ባለመመለሴ እስካሁን ይቆጨኛል።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ቁርሴን በልቼ ክኒኔን ውጫለሁ፣ ለፀሐይ ጥላዬን ይዣለሁ። ገበያው ገና ሳይሞላ ጃንጥላ ሻጩ አጠገብ ቆሜአለሁ፤ ሰውየው በርጩማ ቢሰጠኝም አልተቀመጥኩም። እናትየዋን አልወቅሳትም፤ ቀዩን ጃንጥላም አትግዢ አልላትም። ልጅቷን ግን አገጯን ሳልይዝ፣ ድነሻልም ሳልላት አንድ ነገር እጠይቃታለሁ፤ የዛሬውን ውጠሻል?