የአጎቴ ረጅም መንገድ

እሑድ ዕለት ከአገር ቤት የመጣች እንግዳዬን የሊባኖስን ባሕር ላሳያት ስወስዳት፣ ኦዛይ ሰፈር ካሉት አናጺዎች ደጅ አዲስ የተላገ እንጨት ሸተተኝ። ወሎ ያለው ትምህርት ቤቴ ትዝ አለኝ።

ያኔ የምንማረው ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ነበር። አስጎብኚው አጎቴ ሰይድ አንዲት ሊባኖሳዊት ቱሪስት ይዞ ሁለት ቀን ተከታትሎ በክፍላችን በር አለፈ።

«ሰይድ፣ ወደ ዋሻው አቋራጭ የለም እንዴ?» አለችው፣ ካሳደገቻት ወሎዬ ሞግዚት በተማረችው አማርኛ።

«አለ፤ ግን በአቋራጩ እነዚህን ልጆች አታዪያቸውም።»

ተሳሳቁ፤ ወዳጆችም ሆኑ። በዓመቱ እሷ ባሠራችልን ዴስክ ላይ ተቀመጥን፤ እንጨቱ ገና ይሸት ነበር።

አሁን እኔም እዚሁ ሊባኖስ፣ ሺያህ በሚባለው ሰፈር፣ በሰው ቤት የሚሠሩ ያገሬ እናቶችን ልጆች እሑድ እሑድ ፊደል አስቆጥራለሁ። የሚቀመጡት ወለል ላይ ነው።

«ያላ፣ ነይ፣ በሺያህ በኩል እንሂድ» አልኳት እንግዳዬን።

«ባሕሩ እኮ ይኸው፣ እዚህ ይታያል!»

«አዎ፣ ይታያል» አልኩና ወደ ሺያህ መራኋት።