የመኪናዬ ጀርባና የእናቴ ወገብ

ነገሩ በንጉሡ ዘመን ነው። ከፍቼ የተነሳሁት ጎህ ሲቀድ ነበር። እናቴ ወድቃ ወገቧ ከተጎዳ ወዲህ ከአልጋ አልተነሳችም፤ እየደከመችም ሄዳለች። ሐኪሙ «አዲስ አበባ ውሰዳት፤ ግን መንገዱ እንዳያንገላታት» ብሎኛል።

መኪና አለችኝ። አገሩ ከተመለሰ የውጭ መሐንዲስ የገዛኋት ናት። ኋላዋን የሚሸከመው የብረት ሞላ ሳይሆን አየር የሚሞላ የላስቲክ ከረጢት ነው። ደህና በነበረች ጊዜ እንደ አልጋ ትመች ነበር። ሰሞኑን ግን ቆማ ካደረች ጀርባዋ መሬት ሊነካ ይደርሳል፤ ስትሄድም ጉድጓዱን ሁሉ ለተሳፋሪው ወገብ ታስረክባለች። እናቴን በዚህ ሁኔታ መጫን አይታሰብም፤ መጀመሪያ መኪናዋን አዲስ አበባ ወስጄ ላሠራ ተነሳሁ። ስሰናበታት «ለብረት እንዲህ የተጨነቅህ፣ ሚስት ብታገባ ምን ልትሆን ነው?» ብላ አሾፈችብኝ።

ጫንጮ ላይ ትኩስ ወተት ጠጣሁ። የሱሉልታ ሜዳ በውርጭ ነጥቷል። ከእንጦጦ ቁልቁል ስወርድ ጥርሴ እርስ በርሱ ይጋጭ ነበር።

መርካቶ

እህል በረንዳ ጤፍ የሚነግዱትን የእናቴን ወንድም ጋሽ ወልዴን ሰላም ብዬ፣ መሳለሚያ ወዳለው የከድር ጋራዥ ሄድኩ።

ከድር ከሥር ገብቶ «አየር መንፊያው ደህና ነው ጋሼ፤ የሆነ ቦታ እየተነፈሰች ነው» አለ። ከረጢቶቹን በሳሙና አረፋ ቀባቸው፤ ምንም የለም። ቱቦውን ተከትሎ እየቀባ ሄደ። የቀኙ ከረጢት መግቢያ ላይ ሲደርስ አረፋው ኩፍ አለ።

«ያዝኳት! ማሸጊያው ላስቲክ ደርቆ ተሰንጥቋል።»

አዲስ ማሸጊያ ቆርጦ ገጠመላት። ከዚያ የመርካቶ ፈተና መጣ፤ ሁለት ኩሊዎችን ከነጤፍ ኩንታላቸው ኋላ ላይ ጫናቸው። «ከተኛች ይነግሩናል!» አለ እየሳቀ። ምሳ በልተን ስንመለስ አልተኛችም።

ሒሳብ ልከፍል ስል ጋሽ ወልዴ ሁለት ሽማግሌ ጎረቤቶቻቸውን አስከትለው ደረሱ። ከድርን ገለል አድርገው የሆነ ነገር አንሾካሾኩለት። ሳቁ ጠፋ፤ ብሬንም አልቀበል አለ።

«ሲመለሱ ይሰጡኛል ጋሼ። በሰላም ይግቡ።»

አጎቴም «ፍቼ ጉዳይ አለን፤ አብረን እንሂድ» አሉኝ። ለጋስ ቀን ነው ብዬ ደስ አለኝ።

ወደ ቤት

ሦስቱንም ከኋላ አስቀመጥኳቸው፤ ለእናቴ መሞከሪያ ይሆኑኛል ብዬ።

«አጎቴ፣ ጉድጓዱ ይሰማዎታል?»

«አይሰማም ልጄ።»

«እንግዲህ እናቴ ተኝታ ነዋ የምትሄደው!»

አንደኛው ሽማግሌ ዓይናቸውን ሲጠርጉ አቧራ መስሎኝ መስኮቱን ዝጉ አልኩ። መንገዱን ሁሉ ስለ መኪናዬ አወራሁ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ እንደዚያ ተደስቼ መንዳቴ ነው።

ፍቼ ልንገባ ስንል በመስተዋቱ ወደ ኋላ አየሁ። ጋሽ ወልዴ ነጠላቸውን አውልቀው እንደ ለቀስተኛ አዘቅዝቀው ለበሱት። ሁለቱም ሽማግሌዎች እንደሳቸው አደረጉ። ፍሬን ያዝኩ።

«አጎቴ?»

«አንተ ከፍቼ እንደወጣህ ነው ያረፈችው ልጄ። ሰላም ብለኸኝ ከሄድክ በኋላ ስልክ ተደወለልኝ። ብቻህን ይህን መንገድ እንዳትነዳ ብለን ነው።»

የጮህኩትን አላስታውስም። መኪናዋን እዚያው ትተን፣ ግራና ቀኝ ደግፈው በእግር ቤቴ አደረሱኝ።

ከዚያ ጉዞ የተማርኩት ይህን ነው፦ መርዶ ያለበት ሰው ብቻውን አይለቀቅም። ያን ሁሉ መንገድ ሐዘኔን እነሱ ተሸክመውልኝ ነበር።

በማግስቱ ከቀብር ስንመለስ መኪናዋ ከተውናት ቦታ ቆማለች። ሳላስበው ጎንበስ ብዬ ኋላዋን አየሁ። ጣት ያህል እንኳ አልሰመጠም። እዚያው መንገድ ዳር ተቀምጬ አለቀስኩ።