ስምንቱም ግራ

ከእርሻው የወጣሁት ፀሐይዋ በረድ ስትል፣ ጥጥ የጫነ መኪና ላይ ወጥቼ ነው። ባለቤቴ ዘይነባ እስከ መንገዱ ሸኘችኝና "ሥራ እንዳገኘህ ውሰደን፤ እስከዚያ ሙቀቱን እንችለዋለን" አለችኝ። ልጄ ሩቅያ ጆንያዬን ልሸከምልዎ ስትል ከለከልኳት። ይከብዳታል ብዬ አይደለም፤ ውስጡ ምን እንዳለ እንዳትጠይቀኝ ነው።

ይህን የምጽፈው እዚያው ቆላ ለቀራችሁ የጋራዥ ባልደረቦቼና እንደኔ ተቀንሳችሁ አዲስ አበባ ለምትንከራተቱ ነው። ስለ ራሴ ብዋሽ ታውቁብኛላችሁ።

ሃያ ዓመት የኩትኳቶ ማሽን ጥርስ ስቀይር ኖርኩ። ከሌላ ክፍል ተቀንሳችሁ ሥራውን ለማታውቁት፣ ማሽኑ በትራክተር እየተጎተተ በጥጡ መስመር መካከል ያለውን አረም ይቆርጣል። ጥርሱ እንደ ማጭድ የታጠፈ ብረት ነው፤ ግራና ቀኝ አለው። ሁለቱም ጀርባቸውን ለጥጡ ሰጥተው ስለታቸውን ወደ አረሙ ያዞራሉ። ያለቀ ጥርስ አረሙን ዳብሶት ያልፋል። ግራውን በቀኙ ቦታ ያሰረ ሰው ግን አረሙን ትቶ ጥጡን ያጭዳል። የመካኒክ ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ይህን የተማርኩት ካበላሸሁት ጥጥ ነው። ስለዚህም የእስቶሩን ሰው ከድርን፣ ግራው በአንድ መደርደሪያ ቀኙ በሌላ ይቀመጥ ብዬ ስጨቀጭቀው ኖሬያለሁ።

ስቀነስ ከዚያ እስቶር ስምንት አዲስ ጥርስ ወሰድኩ። ሰረቅኩ ማለት ነው። ሩቅያ ልጅ ሳለች አንዲት ብሎን ከጋራዡ ይዛ ብትመጣ፣ ያኔውኑ አብሬያት ሄጄ፣ እኔ በሩ ላይ ቆሜ፣ በገዛ አፏ እንድትናገር አድርጌአታለሁ። ለራሴ ሲሆን ግን፣ እርሻው ሊዘጋ ነው፣ ብረቱም ዝጎ ይቀራል አልኩ። ሰው ለራሱ ሲሆን ጎበዝ ጠበቃ ነው።

አዲስ አበባ ላምበረት ስወርድ ብርዱ አጥንቴ ድረስ ገባ። እኛ ዘንድ ውሃ እንዲቀዘቅዝ በእርጥብ ጆንያ ይጠቀለላል፤ እዚህ የሚጠቀለለው ሰው ነው። ከመገናኛ አለፍ ብሎ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። አከራዬን ወይዘሮ አልማዝን ብርድ ልብስ ያውሱኝ ብላቸው፣ "ቆላ የኖሩ ሰው አይደሉም እንዴ? ሙቀቱን ምን አደረጉት?" አሉኝ።

መታወቂያ ላወጣ ቀበሌ ሄድኩ። ጸሐፊው ቀና ሳይል ሙያዬን ጠየቀኝ።

"ጥርስ ቀያሪ።"

"ሐኪም ሆነው ነው እዚህ ሰፈር የሚከራዩት?"

"የማሽን ጥርስ ነው።"

"ማሽኑ ምን ይበላል?"

"አረም።"

አሁን ቀና ብሎ እስከ ጫማዬ አየኝና "የቀን ሠራተኛ" ብሎ ጻፈ።

ከስንት መዞር በኋላ ሲኤምሲ አቶ ግርማ የሚባሉ ሰው አገኘሁ። ከከተማ ውጭ በቆሎ ዘርተዋል፤ ማሽናቸው የእኛው ዓይነት ነው፤ ጥርሱ አልቆ መለዋወጫ አጥተዋል። ማሽኑን ካስተካከልኩ ቋሚ መካኒክ ሊያደርጉኝ፣ ከቪላው ጀርባ ያለችውንም ክፍል ከነቤተሰቤ ሊሰጡኝ ቃል ገቡልኝ። ያን ዕለት በልቤ ዘይነባን ከመኪና አወረድኳት።

አሮጌዎቹን ፈታሁና ከጆንያዬ ያወጣኋቸው አዲሶቹ የተጠቀለሉበትን ወረቀት ገለጥኩ። አንዱ ግራ ነው። ሁለተኛውም። ስምንቱም ግራ ሆነው ቁጭ አሉ። ለካ ሌባ ወረቀት ገልጦ አያይም፤ እጄ የገባው ያው ለይተህ አስቀምጥ ያልኩት መደርደሪያ ውስጥ ነው።

አቶ ግርማ ከአናቴ ቆመው "ግራ ገብቶህ ነው ወይስ እኔን ልታጋባኝ?" አሉ። ቀኙ በሳምንት ይደርሳል አልኳቸው። ይህም ሌላ ስርቆት ነበር፤ ቀኙን ሩቅያ እንድታወጣልኝ አስቤያለሁና።

ሩቅያ በእርሻው ቢሮ ተላላኪ ናት። ከቴሌ ደወልኩላት። እኔ አፌን ሳልከፍት እሷ ጀመረች። እርሻው አልተዘጋም። ማሽኑ ግን ጥርሱ አልቆ ቆሟል፤ የቀኙ መደርደሪያ ሙሉ ሆኖ የግራው ባዶ ተገኝቷል። ከድር ወስደሃል ተብሎ ታግዷል። ሴቶቹ ጥጡን በእጅ ይኮተኩታሉ፤ እናቷም አብራ ናት፤ መዳፏ ተልጧል።

"እርስዎስ አባዬ፣ በደህና ነው የደወሉት?"

ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ቶሎ በል ይለኛል። ቀኙን ላኪልኝ ለማለት የመጣሁ ሰው፣

"ግራዎቹ እኔ ዘንድ ናቸው" አልኩ።



"ስንቱ?"

"ስምንቱም።"

"ለማን ነገሩ?"

"ላንቺ ብቻ።"

ድምፅዋ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። "ነገ በዚሁ ሰዓት ይደውሉ" አለችኝ። "ከድርን እጠራዋለሁ። በገዛ አፍዎ ይነግሩታል። እኔ በሩ ላይ እቆማለሁ።"

በማግስቱ ጠዋት ጆንያውን ላምበረት ወደ ቆላ ለሚወርድ ሾፌር ሰጠሁ። "አንተስ፣ ቦታ አለኝ፤ አትወጣም?" አለኝ። እግሬን ከጎማው ላይ ለማውረድ ጊዜ ወሰደብኝ። ከዚያ ሲኤምሲ ሄጄ ለአቶ ግርማ እውነቱን ነገርኳቸው፤ ክፍሏን ለዘበኛው ሰጧት።

ሰዓቱ ሲደርስ ደወልኩ። "ሃሎ" አለ ከድር። ከበስተኋላው የቢሮው በር ሲንቋቋ ይሰማኛል።