ሙጫ ኮ

የተቃጠለ የሞተር ቺንጋ ሽታ ዛሬም አይለቀኝም። አምቦ ገበያ አጠገብ አንድ ወፍጮ ቤት አለ፤ ወፍጮውን የሚያዞረው ቺንጋ ሲግል ያ የጎማ ሽታ መንገድ ድረስ ይወጣል። ሌላው ሰው አፍንጫውን ይዞ ያልፋል። እኔ የሦስት ልጆች እናት ሆኜ እንኳ አጥር ተደግፌ እቆማለሁ።

አባቴ ጊንጪ ውስጥ ወፍጮ ቤት ነበረው። ቀኑን ሙሉ ከሞተር ጋር ሲጯጯህ ስለሚውል ቤት ገብቶም ድምፁን ዝቅ ማድረግ አያውቅበትም። «ውሃ አምጪ» ሲል ጎረቤት ውሃ ይዞ ሊመጣ ይደርስ ነበር ብል አላጋነንኩም። የተበጠሰ ቺንጋ ከበሩ ጀርባ ሰቅሏል። ለማውረድ ደግሞ ምክንያት አያጣም።

መንግሥት በተለወጠ ማግስት እናቴ ወንድሜን አረገዘች። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በመስኮቱ ስትገባ ሆዷን ቫዝሊን ትቀባና ትጠራኛለች።

«ነይ አናግሪው። የአባትሽን ጩኸት ብቻ ሰምቶ እንዳይወጣ።»

«ምን ልበለው?»

«ሙጫ ኮ በይው።»

በኦሮምኛ ልጄ ማለት ነው። በአማርኛ ሙጫ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ እኔ ሁለቱንም ማለቴ ነበር፣ እንዲጣበቅብኝ። ድምፄ ቀጭን ስለሆነ አፌን ሆዷ ላይ ደፍቼ የሰፈሩን ወሬ ሁሉ እነግረዋለሁ፤ የማን ላም እንደወለደች፣ የትኛው አስተማሪ እንደሚቆነጥጥ።

አንድ ቀን እናቴ የአባቴን ምሳ ወፍጮ ቤት አርፍዳ አደረሰችለት። ተከትሏት ቤት መጣና ቺንጋውን አወረደ። እናቴ ወደ ግድግዳው ዞራ፣ ሆዷን በሁለት እጇ አቅፋ ጎበጠች። እኔ በክንዷ ሥር ሾልኬ በሆዷና በግድግዳው መካከል ገባሁ። ቺንጋው ጀርባዋ ላይ ሲያርፍ እርጥብ ጋቢ ድንጋይ ላይ የሚደበደብ ይመስል ነበር። ባረፈ ቁጥር ሆዷ ግንባሬን ይገፋዋል። አትጮህም፤ ጥርሷን ነክሳ «አውሪ፣ አውሪ» ትለኛለች።

«ሙጫ ኮ፣ ነገ ገበያ ነው፣ ሸንኮራ እንገዛለን…» አወራሁ። የቺንጋው ጫፍ ዞሮ ጆሮዬን ሲሰነጥቀው እንኳ አላቆምኩም። ያ ጆሮዬ እስከ ዛሬ ጉትቻ አይዝም። ደሙ አንገቴ ላይ ሲወርድ ይሞቅ ነበር። ያኔ ነው ወንድሜ ከውስጥ ጉንጬን የረገጠኝ።

አባቴ በሩን አላትሞ ሲወጣ እናቴ ነክሳ ባደማችው ከንፈሯ ሳቀች። «መለሰልሽ» አለችኝ።

ጤና ጣቢያ፣ ረፋድ ላይ ተወለደ። አልቅሶ አልቅሶ ፊቱ በርበሬ መሰለ። ጡት ብትሰጠው እምቢ አለ። ተቀብዬው «ሙጫ ኮ፣ እኔ ነኝ» አልኩት፣ ደጋግሜ። ጭራሽ ባሰበት። ያን ሁሉ ወር ለፍቼ!

አባቴ ገባ። በዚያው የወፍጮ ቤት ድምፁ «ወንድ ነው?» አለ።

ልጁ ጸጥ አለ።

«አያችሁ! አባቱን አወቀ!» አባቴ ዕንባው መጣ። አዋላጇም «እንኳን ደስ ያለዎት ኦቦ፣ ድምፅዎን ለይቷል» ብላ ሳቀች። እናቴ ዓይኗን ጨፈነች። እኔ በቅናት ተቃጠልኩ፤ ያን ከሃዲ በጥፊ ባጮልኩት ደስ ባለኝ።

ጎንበስ ብዬ ሳየው ግን አልተኛም። ጡጫውን ጨብጧል፣ ጉልበቶቹን ወደ ሆዱ ሰብስቧል፣ ትንፋሹን ይዟል። እኔና እናቴም አባቴ በር ሲከፍት እንዲሁ ነበር የምንሆነው። የታቀፈበትን ጨርቅ ሳብ አድርጌ ሁለቱንም ጆሮዎቹን ሸፈንኩለት።